ጀምስ ብሩስ፤ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ ዝናም የለካው ሰው

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ወር ፊቱን ወደ ሰሜን መለስ ቢያደርግ የሰከላ ደጋ በደመና ተሸፍኖ ይታየዋል። ከዚያ ደጋ በሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይከባል። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን እነ ላህንና እነ ፈጠምን ተከትሎ የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን እርሻ ካቋረጠ በኋላ በአጭር መንገድ እዚያው ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይጨመራል። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ተራራ ላይ፣ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናም ጠብታዎች አንደኛው ጎጃምን ዞሮ፣ ሁለተኛው ቍልቍል ወርዶ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ በቆላው ሸለቆ ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህን ውሃ ከምንጩ ለማየት ከስኮትላንድ ተነሥቶ እስከ ግሽ ዓባይ የደረሰው ጀምስ ብሩስ ለተማሪዎቻችን እንግዳ ስም አይደለም። ስሙ ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበው ያው የዓባይ ምንጭ ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለዚህ ሰው ስንጽፍ፣ ምንጩን ከማየቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ሌላውን ሥራውን፣ ማለት የአገራችንን ዝናም ማስለካቱንና ይህ ሁሉ ዝናም ከየት እንደሚመጣ መጠየቁን አጕልተን ለማሳየት እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለው በአባቱ ርስት ተወለደ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ጠጕሩ ቀይ፣ አነጋገሩ ኵሩ፣ ቍጣውም ቶሎ የሚነድ ሰው ነበረ። ቤተ ሰቦቹ የሕግ ሰው እንዲሆንላቸው ተመኝተው በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ አስገቡት፤ ነገር ግን የሕግ ትምህርት አልተስማማውም። ከዚህ በኋላ ለንደን ወርዶ የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባና ወደ አማቾቹ ንግድ ገባ። ጋብቻው የተፈጸመው በ1754 ነበረ። ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ዓመቱ ሳያልቅ በሳምባ ነቀርሳ ታማ በፓሪስ ሞተችበት። የብሩስ በአገር ላገር መንከራተት የጀመረው ከዚህ ኀዘን ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የወይን ጠጅ ንግዱን አያለሁ በሚል ምክንያት ወደ ስፔንና ወደ ፖርቱጋል ሄደ፤ ዐረብኛ ማጥናትም ጀመረ። ግዕዝን የተማረው ደግሞ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ካዘጋጃቸው መጻሕፍት ነው። ሉዶልፍን ያስተማሩት የእኛው አገር ሰው አባ ጎርጎርዮስ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። እንግዲህ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን የተጠረገ ነበረ።

በ1763 የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንሲል አድርጎ ሾመው። ሹመቱ ጭቅጭቅ የበዛበት ስለ ነበረ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቈይቶ ተወው። በ1765 ከቦሎኛ ከተማ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት ሠዓሊ ቀጠረ። ሁለቱም በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሽ እየለኩና እየሣሉ ዞሩ። በቤንጋዚ አጠገብ መርከባቸው ሰጠመችና ብሩስ ነፍሱን በዋና ካዳነ በኋላ ደግሞ በወንበዴዎች ተደብድቦ ተገፈፈ። መሣሪያዎቹ ስለ ጠፉበት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንት የተባለ ትልቅ መሣሪያ ሰጠው። በሶርያም ሳለ ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ቀሰመ። ይህ ዕውቀቱ ኋላ ከኳድራንቱ ይልቅ ጠቀመው።

በ1768 ወደ ግብፅ፣ ከዚያም በቀይ ባሕር አድርጎ በሴፕቴምበር 1769 ምጥዋ ደረሰ። ያንን ከባድ ኳድራንት በሰው ትከሻ የጠራንታን ተራራ አስወጥቶ፣ በአክሱም አድርጎ፣ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበረ። በቍስቋም ቤተ መንግሥት የነበሩ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመዶች ልጆችም ታመው ነበረ። ብሩስ የተዘጉትን መስኮቶች አስከፍቶ ንጹሕ አየር እንዲገባ አደረገ፤ ቤቱንም በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሆምጣጤም አሳጠበ። የዳኑት ልጆች የእቴጌይቱን፣ የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርንና የባለቤታቸውን የራስ ሚካኤል ስሑልን ቤት ከፈቱለት። በአገሩ ሰው ዘንድ ሐኪም ያዕቆብ ተብሎ ተጠራ፤ በወጣቱ ንጉሥ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት አደባባይም ባለሟል ሆነ።

ዘመኑ ክፉ ነበረ። ራስ ሚካኤል አንድ ንጉሥ አስገድለው ሌላውን ካነገሡ፣ ያንንም ካጠፉ በኋላ ተክለ ሃይማኖትን በዙፋኑ ላይ ያስቀመጡበት ወቅት ነው። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ወረኛ ደግሞ ከራስ ሚካኤል ጋር ይዋጋ ነበረ። የዓባይ ምንጭ ያለበት ሰከላም፣ ቡሬና በዙሪያዋ ያለው አገርም ሁሉ በዚሁ በፋሲል እጅ ነበረ። ብሩስ ይህን የጦር ሜዳ አቋርጦ ምንጭ ለማየት መፈለጉ ለመኳንንቱ ሁሉ የማይገባ ነገር ሆነባቸው። እቴጌ ምንትዋብም ነገሩን በጣም ያስገርማቸው ነበረ ይባላል። እርሳቸው እስከ ኢየሩሳሌም ተጕዘው በዚያ በምጽዋት እየኖሩ ለመሞት ሲመኙ፣ እርሱ ግን በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ የመጣው ረግረግ ውስጥ የሚፈልቅ ውሃ ለማየት ነበርና።

በሜይ 1770 ከንጉሡ ጦር ጋር ሲጓዝ ጢስ ዓባይን አየ። ነገር ግን ጦርነቱ ስለ ከፋ ወደ ምንጩ ሳይደርስ ተመለሰ። ስለ ፏፏቴው በጻፈ ጊዜ ከእርሱ መቶ አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ የመጣውን ፖርቱጋላዊውን ካህን ሎቦን ውሸታም አድርጎ ተናገረ። ይህ የብሩስ ትልቁ ድካም ነው፤ ከእርሱ በፊት ያየውን ሰው ሁሉ እንዳላየ ለማድረግ ይጥር ነበረ።

ክረምቱም ገባ። መንገድ ተዘጋ፤ ወንዞች ሞሉ። ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ልናመሰግነው የሚገባን ሥራ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው ብለን እናምናለን። ብሩስ በጎንደር ሳለ የአየሩን ሙቀትና ግፊት፣ የወረደውንም ዝናም መጠን የሚያሳይ መዝገብ አስይዞ ነበረ። በ1770 ክረምት የተለካው ዝናም ወደ 35 ኢንች፣ በ1771 በቍስቋም የተለካው ደግሞ ወደ 41 ኢንች ያህል ነበረ። ይህም በዛሬው መለኪያ 900 እና 1,050 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ አሁን በጎንደር ከሚለካውም ብዙ የራቀ አይደለም። ስለ አገራችን ዝናም በመሣሪያ ተለክተው ከተጻፉት መዝገቦች ሁሉ ይህ ከጥንታውያኑ የሚቈጠር ነው። ብሩስ በቤተ መንግሥትና በዘመቻ ሲመላለስ ይውል ስለ ነበረ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ብዙውን ቍጥር የጻፈው ባሉጋኒ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን። መዝገብ መያዝ አሰልቺ ሥራ መሆኑን በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ታውቁታላችሁ፤ ዝናም በዘነበ ቍጥር ተነሥቶ ማየትን፣ በማይዘንብበትም ቀን ባዶ ብሎ መጻፍን ይጠይቃል።

ክረምቱ እንደ ወጣ ብሩስ ኦክቶበር 28 ቀን 1770 ከባሉጋኒና ከጥቂት አሽከሮቹ ጋር ከጎንደር ተነሣ። ከፋሲል ጋር ተገናኝቶ በመጀመሪያ ተቈጣጡ፤ በኋላ ግን ታረቁና ፋሲል ፈረስና መንገድ መሪ ሰጠው። ንጉሡም ቀደም ብሎ የግሽን መንደር በጕልትነት ሰጥቶት ነበረ። ኖቬምበር 4 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም.፣ ምንጩ ከሩቅ ታየው። አገሬው ምንጩን ያከብረው ስለ ነበረ ጫማውን እንዲያወልቅ ተነገረው። በባዶ እግሩ በአበባ መካከል ቍልቍል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከለምለሙ መስክ ደርሶ በኮኮነት ቅል ውሃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ወዲያው ግን ትልቅ ኀዘን ወደቀበት። የደከመለት ነገር ጥቂት ክንድ ስፋት ያለው የሣር ምንጭ ሆኖ አገኘው፤ ወደ አገሩ የሚመለስበትም መንገድ ገና ነበረ።

ኀዘኑ ግን ሥራውን አላስተወውም። የምንጩን ስፋትና ጥልቀት ለካ፤ በሌሊት ኳድራንቱን አቁሞ ኬክሮሱን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰኮንድ ነው ብሎ ጻፈ። ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። በባሮሜትርም የስፍራውን ከፍታ ለመገመት ሞከረ። ግሽ ዓባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። የምንጩ ጠባቂ ከፍላ ዓባይ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀብለው አስተናገዱት፤ ስለ አገው ልማድና ስለ ወንዙ ክብር የጻፈውን አብዛኛውን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። በዛሬው ዘመን በስፍራው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ሳይርሱ ተቀበሉ ተብሎ ይተረካል፤ ጠበልተኛውም ከየአገሩ ይጐርፋል።

ምንጩን ከአውሮፓውያን መጀመሪያ ያየ እኔ ነኝ ማለቱን በተመለከተ የምንለው አጭር ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 በዚሁ ምንጭ ላይ ቆሟል፤ ብሩስ ሲመጣ 152 ዓመት አልፎት ነበረ። የሰከላ ሰው ግን ምንጩን ያገኘው ማንም መጥቶ አሳይቶት አይደለም።

ከምንጩ ይልቅ የሚያከራክረው ጥያቄ ሌላ ነው። በግብፅ የሚታየው የክረምት ሙላት ከእነዚህ ሦስት ትናንሽ ዓይኖች የሚፈልቅ እንዳልሆነ ብሩስ ተረድቶታል። ሙላቱ የዝናም ሥራ ነው። ታዲያ ዝናሙ ከየት ይመጣል? ብሩስ ለዚህ የሰጠው መልስ የሚከተለው ነው፤ ፀሐይ በአንድ ስፍራ ላይ ስትበረታ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳውንም ለመሙላት ተን የተሸከመ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ይገሰግሳል። ነፋሱ የሚመጣባቸውንም ባሕሮች ሦስት አድርጎ ቈጠራቸው። በምዕራብ አትላንቲክ፣ በምሥራቅ የሕንድ ውቅያኖስ፣ በደቡብም ከአፍሪካ ጫፍ ወዲያ ያለው ቀዝቃዛ ባሕር ናቸው።

በ1790 ለታተመ መጽሐፍ ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ብሩስ የዝናሙን መጠን እንጂ የመጣበትን አገር የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። ይህ መሣሪያ የተገኘው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠራ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም የኦክሲጅን አቶሞች ክብደት ሁሉ አንድ አይደለም፤ አብዛኛዎቹ ክብደታቸው 16 ሲሆን ከ500 ያህል አንዱ 18 ይመዝናል። ከሃይድሮጅንም ወገን ዲዩቴሪየም የሚባል እጥፍ የሚመዝን አለ፤ እርሱንም አሜሪካዊው ሃሮልድ ዩሪ በ1931 አገኘውና በ1934 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። እነዚህ በስም አንድ ሆነው በክብደት የሚለያዩ ወንድማማቾች ኢሶቶፕ ይባላሉ። ከባዱ ውሃ ከባሕር ሲተን ይዘገያል፤ ከደመና ሲወርድ ግን ይቀድማል። ስለዚህ ደመና ከባሕር እየራቀና ወደ ተራራ እየወጣ በሄደ መጠን ከባዱን ውሃ በየመንገዱ እያራገፈ ስለሚጓዝ በመጨረሻ የሚያዘንበው ቀላሉን ነው። በደረቅ አገር፣ ለምሳሌ በአፋር ቆላ፣ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ጠብታው ከደመና ወጥቶ መሬት እስኪደርስ ከፊሉ በአየር ላይ ይተናል፤ ቀላሉ ቀድሞ ስለሚሄድም የቀረው ይከብዳል። እንግዲህ የዝናምን ኢሶቶፕ በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው ደመናው የሄደበትን መንገድና ጠብታው የወረደበትን ድርቀት ለይቶ ማየት አለበት። በደረቅ አገሮች ዝናም የሚለቀምበት ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ካርታው የሚሣለው ከብዙ ግምት ጋር ነው።

ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ድርጅትና የዓለም ሜቴዎሮሎጂ ድርጅት በዓለም ዙሪያ የዝናም ውሃ በየወሩ እየተጠራቀመ እንዲመረመር ባደረጉ ጊዜ አዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከ1961 ጀምሮ የተሰበሰበው የአዲስ አበባ ዝናም በአፍሪካ ረጅም ዕድሜ ካላቸው መዛግብት የሚቈጠር ነው። ውሃው እንዳይተን በተዘጋ ዕቃ ይጠራቀማል፤ ከወሩ ዝናም ላይም ጥቂት በጠርሙስ ተቀድቶ ለምርመራ ይላካል። ውጤቱ ሊቃውንቱን አስደነገጣቸው። አዲስ አበባ ከባሕር የራቀች፣ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ከተማ ናት፤ በተለመደው ሕግ ዝናሟ እጅግ ቀላል መሆን ይገባው ነበረ። የተገኘው ግን ከባሕር ዳር ዝናም የማይሻል ከባድ ውሃ ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። አንዳንዶቹ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው ተን ብዙ ሳያራግፍ በቀጥታ ደጋውን ስለሚያገኝ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የኮንጎን ደንና የደቡብ ሱዳንን ረግረግ ያመለክታሉ። ዛፍ በሥሩ የመጠጠውን ውሃ በቅጠሉ ሲያስተነፍስ ከባዱንም ቀላሉንም ሳይመርጥ ስለሚመልሰው፣ ደመናው በደን ላይ ሲያልፍ በመንገድ የጣለውን ከባድ ውሃ መልሶ ያገኛል። የአየርን ጕዞ በስሌት የተከታተሉ በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በቀጥታ የሚመጣው ድርሻ ቀድሞ ከሚታሰበው ያነሰ መሆኑን፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከሰሜን በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ግን ብዙ መሆኑን አሳይተዋል። ከብሩስ ሦስት ባሕሮች መካከል እንግዲህ የሕንድ ውቅያኖስ ጸንቶ ቆሟል፤ አትላንቲክ ቢኖርም በደኑ ውስጥ ታሽቶ የሚደርስ ነው፤ ሰሜኑ ግን ከሦስቱ ውስጥ አልተቈጠረም። ደን ራሱም እንደ ባሕር ሆኖ ደመና ሊያበላ ይችላል።

ይህ ጕዳይ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በቡሬ በርበሬውን፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎውን፣ በሰከላ ድንቹንና ገብሱን የሚዘራ ገበሬ የሚጠብቀው ይህንኑ ክረምት ነው። በዓባይ መነሻ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ዶክተር ሰይፉ ከበደና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባወጡት የኢሶቶፕ ጥናት እንደ ታየው፣ በደጋው ላይ ያለው የምንጭና የጕድጓድ ውሃ በአብዛኛው ከቅርብ ጊዜ ዝናም የተጠራቀመ እንጂ ከጥንት የተከማቸ ሀብት አይደለም። በጕባ የተሠራውና በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚይዘውም ይህንኑ የክረምት ውሃ ነው። ከዝናሙ ከፊሉ በእርግጥ ከኮንጎ ደን የሚመጣ ከሆነ፣ እዚያ የሚወድቀው ዛፍ የቡሬን ማሳ የሚመለከት ነገር ይሆናል። በአዲስ አበባ ከተለቀመው ዝናም ብቻ ተነሥቶ ስለ ጎጃም መፍረድ አያስተማምንም፤ የሰከላን ዝናም የቡሬ፣ የቡሬን ደግሞ የዓባይ በረሃ ዝናም አይወክለውም።

ወደ ብሩስ እንመለስ። ከግሽ ወደ ጎንደር ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ባሉጋኒ በ1771 በተቅማጥ በሽታ ታምሞ በጎንደር ሞተ። በዚያው ዓመት በሰርባ ክሶስ የተደረገው ጦርነት ራስ ሚካኤልን ከሥልጣን አወረዳቸው። ብሩስ ለመሄድ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ከለመነ በኋላ ዲሴምበር 26 ቀን 1771 ከጎንደር ወጣ። በስናር ወራት ሙሉ ተጕላላ፤ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበትንም ስፍራ አየ። ከዚያ በኋላ የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ፤ እግሩ ቈሰለ፤ ኳድራንቱንና የጕዞ መዝገቦቹን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ፣ በኖቬምበር 1772 መጨረሻ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው አስዋን ደረሰ። ትንሽ እንዳገገመ ግመል ተከራይቶ ተመልሶ የጣለውን ሁሉ አነሣ። የዝናሙ መዝገብ ለእኛ የተረፈው በዚህ ነው።

በውሃ ጥም ካለቀበት ከዚያ በረሃ ወደ ምዕራብ፣ በግብፅ፣ በሱዳንና በሊቢያ አሸዋ ሥር፣ እጅግ ብዙ ውሃ ተኝቶ ይገኛል። ቀድሞ ከዓባይ የሰረገ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበረ። ኢሶቶፑ ሲመረመር ግን የብዙው ውሃ ከዓባይ ውሃ ጋር የማይመሳሰል በጣም ቀላል ውሃ ሆኖ ተገኘ፤ ሰሐራ እርጥብ በነበረበት ዘመን፣ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት፣ በዚያው ስፍራ የዘነበ ዝናም ነው። ከተቀዳ የሚተካው የለም። የጎጃም ምንጭና የበረሃው ጕድጓድ በዓይን ሲታዩ አንድ ቢመስሉም አንዱ የአምና፣ ሌላው የጥንት ነው።

ብሩስ በ1773 ፈረንሳይ ሲደርስ ሊቃውንቱ በክብር ተቀበሉት። ወዲያው ግን ከእርሱ በፊት ፓኤዝ መኖሩ ተነገረው፤ እርሱም እስከ መጨረሻው ሊቀበለው አልፈቀደም። በለንደን ደግሞ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ግብዣ ያወራው ሁሉ መሳቂያ አደረገው። በቀልዱ የታወቀ አንድ የውሸት ጀብዱ መጽሐፍ እንኳ ለእርሱ መታሰቢያ ተደረገ። ተቈጥቶ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ በ1776 ሜሪ ዳንዳስ የምትባል ወጣት አግብቶ ርስቱን ሲያስተዳድር ኖረ። ሚስቱ በ1785 ስትሞትበት፣ ኀዘኑን እንዲረሳበት ወዳጆቹ መጽሐፉን እንዲጽፍ ገፋፉት። ከጕዞው አሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ አምስት ትላልቅ ጥራዞች ወጡ። ከእነርሱም ውስጥ ጤፍን፣ ኮሶን፣ እንሰትንና ዋጊኖስን የሚያሳዩ ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ዋጊኖስም በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ በብሩስ ስም ተጠርቷል። አውሮፓ ጠፍቷል ብሎ ያሰበውን መጽሐፈ ሄኖክንም ከእኛ አገር ብራና አስገልብጦ ሦስት ቅጂ ወሰደ፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛውን ለኦክስፎርድ ሰጥቶ ሦስተኛውን ለራሱ አስቀረ። ሄኖክ የዝናምና የጤዛ መዛግብት በሰማይ እንዳሉ የሚናገር መጽሐፍ መሆኑን ስናስብ፣ ዝናም ለሚያስለካው ለብሩስ የተገባ ሸክም ነበረ ለማለት ይቃጣናል።

ብሩስን ከደረሱበት ክሶች ብዙዎቹ ሐሰት መሆናቸውን ከእርሱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች መስክረውለታል። አንደኛው በደል ግን ከላዩ አይነሣም። በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ክብሩን ብቻውን ለመውሰድ ነው። ሥዕሎቹንም እንደ ራሱ ሥራ አቀረባቸው።

ኤፕሪል 1794 በኪኔርድ እንግዶች ጋብዞ፣ ከእራት በኋላ አንዲትን እመቤት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ እግሩ ስቶት ከደረጃ ተንከባለለ። በማግሥቱ ኤፕሪል 27 ቀን ሞተ። ከበረሃና ከጦርነት የወጣው ሰው መጨረሻው የገዛ ቤቱ ደረጃ ሆነ። ላርበርት በሚባለው ደብር፣ ቀድሞ ለሚስቱ ባሠራው የብረት ሐውልት ሥር ተቀበረ። በ1805 አሌክሳንደር መሪ የተባለው የግዕዝ ሊቅ መጽሐፉን እንደ ገና ሲያሳትም፣ በወረቀቶቹ መካከል ባሉጋኒ በጣሊያንኛ በእጁ የጻፈውን ወደ ምንጩ የተደረገ የጕዞ መዝገብ አገኘ። የሠዓሊው ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል፣ በራሱ ስም ተመዝግበው ይገኛሉ።